በሶዶ ጎዳና ላይ ምን ይበላል?



በዚህ ዓምድ ስለ ቤታችን ማዕድ ብዙ ጊዜ ተጨዋውተናል። ዛሬ ግን ከቤት ወጥተን ጎዳና ላይ እንቆማለን። ምክንያቱም ልጆቻችንም ከቤት ወጥተዋል። አንዱ ለትምህርት፣ አንዱ ለሥራ፣ አንዱ ለንግድ እያለ ዘመድ ወደሌለበት ከተማ ይሄዳል። የሚበላውም በእናቱ እጅ የተሠራውን ሳይሆን በመንገድ ዳር የሚሸጠውን ነው። ታዲያ ምን ይብላ? ምኑን ይተው? ሲተውስ እንዴት አድርጎ ይተው?

ይህን ጥያቄ ያነሣችብን አንዲት የደሴ እናት ናት። ልጇ ሥራ አግኝቶ ወደ ወላይታ ሶዶ ሄዷል። “ሥራ በማግኘቱ አልሐምዱሊላህ ብለናል” አለችን። “ግን እዚያ አገር ሥጋው ሁሉ የክርስቲያን እርድ ነው ይሉኛል። በስልክ ‘በላህ ወይ?’ ስለው ‘በልቻለሁ’ ይለኛል። ድምፁ ግን የጠገበ ሰው ድምፅ አይደለም።”

እናት ድምፅ ታውቃለች። እኛም በዚያ በኩል የምናልፍበት ጉዳይ ስለነበረን ልጁን አይተን ልንመጣ ቃል ገባንላት።

ወደ ዳሞታ ግርጌ

ከአዲስ አበባ ወደ ሶዶ የሚወስዱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ በቡታጅራ፣ በወራቤና በሆሳዕና አድርጎ በአረካ በኩል ይገባል፤ ርቀቱም ወደ 330 ኪሎ ሜትር ነው። ሌላው በዝዋይና በሻሸመኔ ዞሮ በሃላባ ቁሊቶና በቦዲቲ በኩል ይደርሳል። በሁለቱም መንገድ ሙስሊሞች በብዛት የሚኖሩባቸውን ከተሞች እናልፋለን። ወራቤ የስልጤ ዞን ከተማ ነው፤ በሁለተኛው መንገድ ደግሞ በበርበሬው የታወቀው የሃላባ ምድር አለ። በእነዚህ ከተሞች መንገደኛ ሙስሊም ስለ ሥጋው አይጨነቅም። ከዚያ አልፎ የዳሞታ ተራራ ሲታየው ግን ነገሩ ይለወጣል።

የዳሞታ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,900 ሜትር ከፍ ያለ ነው። ሶዶ በግርጌው ተዘርግታለች። ዩኒቨርሲቲዋ በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ከአራቱም ማዕዘን ተማሪ ሲጎርፍባት ቆይቷል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ደግሞ የክልሉ የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የወላይታ ዞን ሕዝብ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ከዚህም ከመቶ 70 የሚበልጠው የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ኦርቶዶክስና ካቶሊክ ይመጣሉ። ሙስሊሞች ጥቂት ናቸው።

ይህ ሕዝብ ደግሞ በሥጋ የታወቀ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንኳ “የወላይታ ቁርጥ” የሚል ማስታወቂያ ያላየ ሰው የለም። በመስከረም ጊፋታ የሚባለው የዘመን መለወጫቸው ሲደርስ ጎረቤት ከጎረቤት ተቧድኖ ሰንጋ ይጥላል። ወንዶች ለበሬው፣ ሴቶች ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ሲያጠራቅሙ ይከርማሉ። እንግዲህ በዚህ ከተማ ውስጥ የሃያ ሦስት ዓመት ሙስሊም ወጣት ብቻውን ቤት ተከራይቶ ሲኖር ምን እንደሚሰማው አስቡት።

ዳቦና ሻይ

ልጁን ያገኘነው በአንዲት ባል የሞተባቸው እናት ግቢ፣ በተከራያት ክፍል ውስጥ ነው። በጣም ከስቷል። በመስኮቱ ላይ የዳቦ ፌስታል፣ የስኳር ጣሳና የሻይ ጀበና ተደርድረዋል። ሌላ ምግብ አላየንም።

“ምንድን ነው የምትበላው?” አልነው።

“ዳቦ በሻይ” አለ አንገቱን ደፍቶ። “ጠዋትም ማታም። አንዳንዴ ብስኩት።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከመጣሁ ጀምሮ። አራት ወር ሆነኝ።”

ጨጓራውን እያመመው እንደሆነም ነገረን። ምግብ ቤት መግባት ይፈራል። ሲጠይቅ ይስቁብኛል ብሎ ይሳቀቃል። ሥጋ ያልሆነውም ቢሆን ከሥጋው ጋር ተነካክቶ ይሆናል ብሎ ይጠራጠራል። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ምሳ ሲሄዱ ሥራ አለብኝ ብሎ ይቀራል። እነርሱም ኩራተኛ ነው ብለው መጥራቱን ትተዋል።

አንባብያን ሆይ፤ ይህን ልጅ ማንም አልበደለውም። ሐራምን መጠንቀቁም የሚያስመሰግነው ነው። ችግሩ ግን ሐራም የሆነውን ሲሸሽ ሐላሉንም አብሮ መሸሹ ነው። በሱረቱል በቀራ፣ አንቀጽ 168፣ ሰዎች ሁሉ በምድር ካለው ሐላልና መልካም የሆነውን እንዲበሉ ታዘዋል። ትእዛዙ ተዉ ብቻ አይልም፤ ብሉም ይላል። አካልም አማና ነው። በፍርሃት የሚራብ ሰው አማናውን ጠብቋል ሊባል አይችልም።

“ና ውጣ፤ አብረን ገበያ እንዙር” አልነው።

ጎዳናው ያቀረበልን

ከግቢው ወጥተን ገና ሃምሳ እርምጃ ሳንሄድ የመጀመሪያውን ምግብ አገኘን። አንዲት ልጅ እግር ሴት በከሰል ላይ የበቆሎ እሸት ትጠብሳለች። ከአጠገቧ ሌላዋ በትልቅ ድስት በቆሎ ቀቅላ በቅጠል ሸፍናዋለች። እሳት፣ በቆሎና ጨው ብቻ ነው። ምኑ ያጠራጥራል?

ትንሽ አለፍ ብሎ የተቀቀለ ስኳር ድንች አለ። ወላይታ በስኳር ድንች የታወቀ አገር ነው። በአረካ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በእንሰትና በስኳር ድንች ላይ ሲሠራ ኖሯል። ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ዓይነት ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር ስላለው ለሕፃናት ዓይን እጅግ ጠቃሚ ነው። ልጁ ግን “ይህን እኮ የሚበላው የቸገረው ሰው ነው፤ ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል?” አለን። እኛም ነገርነው። በ2000 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ሲቀር ስኳር ድንቹም ጠፍቶ ይህ ለምለም አገር በረኃብ ተጎድቷል። የእንሰቱ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ሕፃናት በምግብ እጥረት ወደ ሕክምና ጣቢያ ይወሰዱ ነበር። ስኳር ድንች የናቀ ሰው ያንን ዓመት አላየም። የአላህን ሪዝቅ መናቅ ደግሞ ከሙስሊም አይጠበቅም።

ጎደሬም አለ። በወላይትኛ ቦይና ይሉታል። በደንብ መቀቀል አለበት እንጂ ያልበሰለው ጉሮሮ ይከረክራል። የተቀቀለ ድንች አለ፤ የተቀቀለ እንቁላል አለ፤ የባቄላ አሹቅ፣ ቆሎና ለውዝ አለ። ሙዙ ከአርባ ምንጭ በኩል እየተጫነ ይመጣል። አቮካዶና ማንጎ በየወቅቱ ይቆለላል። ጭማቂ ቤት ገብቶ ስፕሪስ ያዘዘ ሰው ግማሽ ምሳውን በልቷል ማለት ይቻላል።

ድንቹንም እንቁላሉንም የሚያጣፍጠው ዳጣ ነው። ዳጣ የወላይታ ሴቶች የሙያ መለኪያ ነው። እሸት ቃሪያ ወይም ቀይ በርበሬ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ፣ ከሌሎችም እሸት ቅመሞች ጋር በድንጋይ ይፈጫል። ጨው ይገባበታል። ሌላው ኢትዮጵያዊ አዋዜን እንደሚወድ እነርሱ ዳጣን ይወዳሉ። ቁርጥ የሚበሉት በዳጣ ስለሆነ ልጁ ዳጣ ማለት የሥጋ ነገር መስሎት አራት ወር ሙሉ ሳይቀምሰው ኖሯል። ዳጣ ግን ቅጠልና ቃሪያ ነው። በትኩስ ድንች ላይ አድርገን ስንሰጠው ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜም ሳቀ።

ከዚያ አሳ አለ። ወላይታ ከአባያ ሐይቅ ጋር ይዋሰናል። አሳ እርድ አያስፈልገውም፤ በሱረቱል ማኢዳ፣ አንቀጽ 96፣ የባሕር አደን የተፈቀደ መሆኑ ተገልጿል። ያስገረው ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን ልዩነት የለውም። የሚጠየቀው “በምን ዘይት ተጠበሰ?” የሚለው ብቻ ነው።

ቅቤው ከላሚቱ ነው

ማምሻችንን ወደ ግቢው ስንመለስ አከራይዋ እናት ቡና አፍልተው ጠበቁን። ከቡናው ጋር በሳህን ያቀረቡት ሙቹዋ ነበር። ሙቹዋ ከእንሰት የሚሠራ፣ በቅቤና በቅመም የሚለወስ የክብር ምግብ ነው። ለማንም አይቀርብም። እንግዳ ሲከበር ነው የሚወጣው።

እኛ እጃችንን ታጥበን ልንቀርብ ስንል ልጁ በጆሯችን “ተዉት፤ ቅቤ አለበት” አለ። ቀስ ብሎ የተናገረ መስሎት ነበር። እናትየው ግን ሰሙት። ፊታቸው ሲለወጥ አየን። ሳህኑን አላነሡም፤ ዝም ብለው ቆዩና እንዲህ አሉ።

“ልጄ፣ አራት ወር ሙሉ ስሰጥህ ያልበላህልኝ በዚህ ነው? እኔ እኮ ቤቴን የተጸየፍክ መስሎኝ ነበር። ሥጋ እንደማትበላ አውቃለሁ፤ ሥጋ ሰጥቼህ አላውቅም። ይህ ቅቤ ግን ከላሚቱ ነው እንጂ ከቢላዋ አይደለም።”

ምን ይባላል? ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ እኛም አልነበረንም። ቅቤ፣ ወተትና እርጎ ከእርድ ጋር ግንኙነት የላቸውም። አይብም ቢሆን በአገራችን የሚሠራው አሬራውን በእሳት በማሞቅ ነው። በሌላ አገር አንዳንድ አይብ ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ ነገር እንዲረጋ ስለሚደረግ እዚያ ያሉ ሙስሊሞች ይጠይቃሉ፤ የእኛ እናቶች አይብ ግን ይህ የለበትም። ቆጮም የእንሰት ግንድና ሥር ተፍቆ፣ ጉድጓድ ውስጥ ብላቶ የሚዘጋጅ ነው። እንሰት ደግሞ ተክል ነው።

ልጁ ተነሥቶ የእናትየውን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ። “እማማ፣ አላወቅሁም ነበር፤ አውፍ ይበሉኝ” አላቸው። እርሳቸውም ቀና አድርገው ጉንጩን ስመው ሳህኑን ወደ እርሱ ገፉለት። በላ፤ ደግሞም ተጨመረለት።

እኛ ግን ያን ምሽት ቶሎ አልተኛንም። በአንድ ግቢ ውስጥ አንድ ልጅ ይራባል፤ አንዲት እናት ደግሞ የተጠላች መስሏት ታዝናለች። ሁለቱም አራት ወር በዝምታ አሳለፉ። ሃይማኖት ያዘዘው ነገር አልነበረም በመካከላቸው የቆመው፤ አለመጠየቅ ነው። የጎረቤት ሐቅ በዲናችን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እናውቃለን። ጎረቤትነት ደግሞ ለሙስሊም ጎረቤት ብቻ የተደነገገ አይደለም።

የሥጋው ነገር

ወደ ሥጋው እንምጣ። በአገራችን ሙስሊሙ ሙስሊም ያረደውን፣ ክርስቲያኑም ክርስቲያን ያረደውን ሲበላ ለትውልዶች ኖሯል። በሱረቱል ማኢዳ፣ አንቀጽ 5፣ ስለ መጽሐፉ ባለቤቶች ምግብ የተነገረውን መሠረት አድርገው ዓሊሞች በጉዳዩ ላይ በሰፊው ጽፈዋል። ይህ ዓምድ ፈትዋ የሚሰጥበት አይደለም፤ ዝርዝሩን የሚፈልግ አንባቢ ዓሊሞችን ይጠይቅ። የአባቶቻችን ልማድ ግን የታወቀ ነው፤ ያንን የጠበቀ ወጣት ሊያፍርበት አይገባም።

አንዳንድ ወጣቶች “ጥሬ ሥጋ ሐራም ነው” ሲሉ እንሰማለን። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የተከለከለው የሚፈስ ደም ነው፤ በሥርዓት የታረደ ሥጋ ጥሬ በመሆኑ ብቻ ሐራም አይሆንም። ሙስሊም ሥጋ ቤቶችም ቁርጥ ይሸጣሉ። ጥሬ ሥጋ የሚያስከትለው ችግር የጤና ነው። የኮሶ ትል ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈው በጥሬ ሥጋ ነው። አያቶቻችን በየጊዜው ኮሶ ይጠጡ የነበረው ለዚህ ነው። ያበሰለ ሰው ከዚህ ተገላገለ።

የሐላል ጥያቄ ደግሞ የሶዶ ብቻ አይደለም። በማሌዥያ ሳቴ የሚባል የታወቀ የጎዳና ምግብ አለ። ሥጋ በቀጭን እንጨት ላይ እየተሰካ በከሰል ይጠበስና በለውዝ ስጎ ይበላል። ካጃንግ የምትባለው ከተማ በዚህ ምግብ ስሟ የገነነ ነው። ነገር ግን በዚያው አገር የሚኖሩ ቻይናውያን የራሳቸው ሳቴ አላቸው፤ በመላካ እንደሚታየው በአሳማ ሥጋ የሚሠራ ነው። መልኩም ሽታውም ይመሳሰላል። ስለዚህ የማሌዥያ ሙስሊም በገዛ አገሩ፣ ሙስሊሙ በሚበዛበት ከተማ፣ ሳቴ ከመግዛቱ በፊት የማን እንደሆነ ያያል። አገሪቱም ጃኪም በሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤቷ በኩል የሐላል ምልክት ትሰጣለች። ሻጩ አይቆጣም፤ ገዢውም አያፍርም። ጥያቄው የዕለት ተዕለት ኑሮ ሆኗል።

እኛም አገር ቢሆን ከዚህ የራቅን አይደለንም። በሞጆና በቢሾፍቱ ያሉት ሥጋ ወደ ውጭ የሚልኩ ቄራዎች ለዐረብ አገሮች የሚልኩትን በሐላል ሥርዓት ያርዳሉ። በየከተማው ምልክቱን ያቆመ የሙስሊም ምግብ ቤት አለ። ሶዶም ውስጥ ሙስሊም ጥቂት ይሁን እንጂ መስጊድ የሚሰግድ ሰው አለ። ሐላል ሥጋ የት እንደሚገኝ ከመስጊድ ጀመዓ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ልጃችን አራት ወር ሙሉ ጁሙዓን ሰግዶ ወዲያው እየወጣ ወደ ክፍሉ ይሄድ ነበር። እኛ አብረነው በሰገድንበት ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ጎኑ ለተቀመጡት ሽማግሌ ሰላምታ ሰጥቶ ጠየቃቸው። እርሳቸውም እጁን ይዘው ይዘውት ወጡ። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ከሥጋ ይልቅ የሚያስጠነቅቀው

አንባብያን፤ ብዙ ሰው ሥጋውን ሲጠነቀቅ መጠጡን ይዘነጋል። በወላይታና በአካባቢው ገበያዎች ቦርዴ የሚባል ከእህል የሚሠራ ወፍራም መጠጥ አለ። ከበቆሎ፣ ከዳጉሳ፣ ከስንዴና ከመሳሰሉት ይዘጋጃል። መልኩ ገንፎ የቀጠነ ይመስላል፤ ይጣፍጣል፤ ሆድም ይይዛል። ብዙ ሰው እንደ ምሳ ይጠጣዋል። ልጃችንም “ይህማ እህል ነው፤ ሥጋ የለበትም” ብሎ ሁለት ጊዜ ጠጥቶ ነበር። ቦርዴ ግን በእርሾ የሚብላላና አልኮል ያለው ነው። ፓርሶ የሚባለውም እንዲሁ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ሐላል የሆነውን ሙቹዋ እምቢ ብሎ እናት አስቀይሟል፤ ሊጠይቅበት የሚገባውን ቦርዴ ደግሞ ሳይጠይቅ ጠጥቷል። ባለማወቅ ለሆነው አላህ መሓሪ ነው። ማወቅ ግን ግዴታችን ነው።

ዶሮዋ

ልንመለስ አንድ ቀን ሲቀረን አከራይዋ እናት ከገበያ አንዲት ዶሮ ገዝተው መጡ።

“እንግዶቼን ሥጋ ሳላበላ አልሸኝም” አሉ። “ቢላዋው ይኸው፤ አዲስ ነው። ድስቱም አዲስ ነው። ልጄ፣ አንተው እረድልን።”

ልጁ አርዶ አያውቅም። ቤቱ ሳለ የሚያርዱት አባቱ ነበሩ። አሁን ግን አባቱ ሩቅ ናቸው። ከመካከላችን አንዱ አጠገቡ ቆሞ አሳየው። ቢላዋው መሳል አለበት፤ እንስሳውን ማሠቃየት አይገባምና። ቢላዋውን ከፊቷ አትሳል። “ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር” በል። የመተንፈሻውንና የምግቡን ቧንቧ፣ የጎንና የጎኑን የደም ሥሮች ፈጥነህ ቁረጥ። ደሙ በደንብ እስኪፈስ ጠብቅ። እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ነገር ግን በትክክል አረደ።

እናትየው ወጡን በሃላባ በርበሬ ሠሩት። ከቆጮ ጋር ቀረበ። እርሳቸውም ከኛ ጋር ተቀምጠው በሉ። “እኔን ሃይማኖቴ አይከለክለኝም” አሉ። በእንዲህ ዓይነት ጊዜ ሌላ ክርስቲያን ባይበላ ኖሮም ልንቀየም አይገባንም ነበር፤ እርሱም እንደኛ የሚጠብቀው ሥርዓት አለውና።

ልጁ እዚያው ማዕድ ላይ ሆኖ ለእናቱ ስልክ ደወለ። “በላህ ወይ?” ስትለው ሰማናት። “እማዬ፣ ዶሮ አርጄ በላሁ” አላት። ወዲያ ማዶ ለጥቂት ጊዜ ዝም ተባለ። ከዚያ እልልታ ሰማን።

ለወጣቶችና ለወላጆች

ከዚህ ጉዞ የቋጠርነውን ባጭሩ እናካፍላችሁ።

1. መጠየቅን አትፍሩ። “ይቅርታ እቴ፣ ሥጋ የሌለበት ምን አለ? በምን ዘይት ነው የሚጠበሰው?” ብሎ በትሕትና መጠየቅ ማንንም አያስቀይምም። የሚያስቀይመው ፊትን አዙሮ መሄድ ነው።

2. ሳምቡሳና ፓስቲ ስትገዙ ዘይቱን ተመልከቱ። የሥጋና የምስር ሳምቡሳ በአንድ መጥበሻ የሚጠበስ ከሆነ ተዉት። ዘይቱ ጠቁሮ የሚያጨስ ከሆነም ለጤና አይሆንምና እለፉት።

3. ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም በሁዳዴ፣ የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች የጾም ምግብ ሥጋም ቅቤም የለበትም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑና በያይነቱ ሁላችንንም የሚያገናኝ ማዕድ ነው።

4. ከፊታችሁ ከእሳት የወረደውን ትኩስ ምግብ ምረጡ። ዝንብ ያረፈበትን፣ ተላጥቶ የዋለውን ፍራፍሬ ተዉ። ሙዝና አቮካዶን ራሳችሁ ላጡ። ዳጣ ጥሬ ስለሆነ ክዳን ካለው ዕቃ ውሰዱ። እጃችሁንም ታጠቡ።

5. የማታውቁትን መጠጥ ሳትጠይቁ አትቅመሱ።

6. አዲስ ከተማ ስትደርሱ መጀመሪያ መስጊዱን፣ ቀጥሎ ጎረቤቱን ተዋወቁ። ሁለቱም ከረኃብ ያድናሉ።

7. ወላጆች ሆይ፤ ለልጆቻችሁ ሐራሙን ብቻ ነግራችሁ አትሸኟቸው። ሐላሉንም ዘርዝሩላቸው። ማረድን አስተምሯቸው፤ ቢያንስ አንድ ወጥ መሥራት አሳዩአቸው። በስልክም “በላህ ወይ?” ብቻ ሳይሆን “ምን በላህ? ከማን ጋር በላህ?” ብላችሁ ጠይቁ።

የደሴዋ እናት ከሰሞኑ ደውላልን ነበር። የልጇ ድምፅ ተለውጧል ትላለች። ለአከራይዋ እናት ከደሴ ነጭ ጋቢ ልካላቸዋለች፤ እርሳቸውም በጠርሙስ ዳጣ መልሰውላታል። “በጣም ያቃጥላል” አለችን እየሳቀች፤ “ግን ጨርሰነዋል።”

አላህ ልጆቻችንን በሄዱበት ሁሉ ይጠብቅልን። ሪዝቃቸውን ሐላልና ሰፊ ያድርግላቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።